ጀልባ ነጂው እምቢ ያሉ ቀን

ዛሬ ወደ ደቅ ደሴት ለመሻገር ቦርሳዬን አንግቤ በጠዋት ጣና ዳር ደረስሁ። ጀልባ ነጂው ሰማዩን በአገጫቸው አሳዩኝና «ልጄ፣ ዛሬ አይሆንም» አሉኝ። በእውነትም ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ በኩል ሰማዩ የድስት ቂጥ መስሏል። ተናደድሁ፤ ለመከራከርም ቃጣኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማዕበሉ የታሰሩትን ጀልባዎች እርስ በርስ ሲያላትም ሳይ አፌን ዘጋሁ።

ዝናቡ ወረደ እንጂ ዘነበ አይባልም። ወደ ቤት ስመለስ ቦዩ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ውኃው አስፋልቱን ሞልቶታል። (ጠርሙሱን የጣልነው እኛው ነን፤ የምናማርረውም እኛው።) የተሳፈርሁበት ባጃጅ መሀል ላይ ጠፋ፤ ወርጄ ገፋሁ።

የእኔስ ጫማ ነው የራሰው። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ሁሉም ወደ ጣና ይገባሉ፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ሐይቁም ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ፣ በመስከረም ነው። የ1998ቱን የነሐሴ ጎርፍ ያየ የፎገራ ሰው «ክረምቱ ሊወጣ ነው» ብትሉት አይጽናናም።

ማታ ፎገራ ያሉት አክስቴ ደወሉ። ርብ እየሞላ ስለሆነ ከብቶቹን ወደ ጉብታው አውጥተዋል። «እኛስ ለምደነዋል፤ አንተ ግን አደራህን፣ ጀልባ እንዳትሳፈር!» አሉኝ። ጠዋት ቦርሳ አንግቤ እንደነበር አልነገርኋቸውም።