ኮምጠጥ ያለ ቡና

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ አብሮት የሚሄደውን የጣዕም መግለጫ በእንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ቀማሹ ጋሼ በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ እገለብጣለሁ። በቃ።

አንድ ቀን የታጠበ ይርጋጨፌ ቀረበ። ጋሼ በማንኪያ ጨልፈው ክፍሉ እስኪሰማ ማግ አደረጉት። «ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ደስ ይላል» አሉኝ። መዝገበ ቃላት አየሁና «ሳወር» ብዬ ላክሁ።

በማግስቱ ገዢው ጻፈ፦ ቡናው ተበላሽቷል እንዴ?

ለካ በቡና ቀማሾች ቋንቋ «ሳወር» ስድብ ነው። ቡናው ሲታጠብ ገንዳ ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቶ የቦካ እንደሆነ ነው የሚባለው። «አሲዲቲ» የሚሉት ደስ የሚለው ኮምጠጥ ማለት ግን የቅምሻው ቅጽ ላይ ራሱን ችሎ ነጥብ የሚሰጠው ነገር ነው። ምርጥ ቡና («ስፔሻሊቲ») ለሚያስብለው ከ100 ነጥብ 80 ላይ ለመድረስ ቡናው እሱን ይፈልገዋል። ጋሼ ያሉት እንደ ሎሚ ምላስ የሚያነቃውን፣ «ብራይት» የሚባለውን ነው። «ታርት» ደግሞ ያልበሰለ ፍሬ እንደ ነከስሽ አፍ ጭምድድ ሲያደርግ።

አፍሬ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። «ኮምጣጣ አሉኝ እኮ» አልኳቸው።

«ኮምጣጣ መቼ ወጣኝ? ኮምጠጥ ያለ ነው ያልኩሽ!»

እውነታቸውን ነው። የሰው ቤት በልተሽ «እንጀራው ኮምጣጣ ነው» ብትዪ ባለቤቲቱ ትቀየማለች፤ «ኮምጠጥ ያለ እንጀራ እወዳለሁ» ካልሽ ግን ትጨምርልሻለች። እንግሊዝኛ ሌላ ቃል ፍለጋ የሚሄድበትን ቦታ እኛ ያንኑ ቃል ለስለስ አድርገን እንጨርሰዋለን። ቀጠን ያለች ልጅ «ስሊም» ናት፣ ቀጫጫ ስትሆን «ስኪኒ»። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ ሲናገሩ ቃሉን ብቻ ሳይሆን «ያለ» መኖሩንም እመዘግባለሁ። «ወፈር ያለ» ሲሉ «ፉል»፣ «ቀጠን ያለ» ሲሉ «ላይት»። «ቀጭን ነው» ብለው ፊታቸውን ካዞሩ «ዋተሪ» ነው፤ በረካ በሉት።

ያልታጠበ፣ ማለትም ከነፍሬው የደረቀ ቡና ላይ ይብሳል። የሐረርን «ዊኒ»፣ ወይን ወይን ይላል ብትዪው ሙገሳ ነው፣ «ፈርመንትድ»፣ ቦክቷል ካልሽው ገዢው ይሸሻል። ልዩነቱ በጠጅና በከረመ ጠጅ መካከል ያለው ነው። እዚያ ጋ እስካሁን ጋሼን ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ አልጽፍም።

ባለፈው ከዚያ ይርጋጨፌ ትንሽ ለእናቴ ወሰድኩላት። የቅምሻ ቡና የሚቆላው ፈዘዝ ተደርጎ ነው፤ እሷ እንደምትቆላው ጥቁር ቢል ያ ሎሚነቱ ይጠፋ ነበር። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ሲኒውን አስቀመጠችው።

«ምነው ይሄ ጎመዘዘኝ? አልበሰለም እንዴ?»

ጎምዛዛን በእንግሊዝኛ ምን እንደምለው ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ ገና እያሰብኩ ነው።