በባትሪ የሚሠራ የፊልም መብራት፦ ከዋቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

በትንሽ በጀት ፊልም ለሚሠራ ሰው ሻጩ መጀመሪያ የሚነግረው የመብራቱን ዋት ነው። ቀረጻ መሐል ጨለማ ውስጥ የሚጥለው ግን ባትሪው ነውና ምርጫው ከዚያ ይጀምር።

ባትሪው የሚነቀል ይሁን። ውስጡ የተገጠመ ከሆነ ቻርጅ ባለቀ ቁጥር መብራቱም ሥራ ይፈታል፤ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ መብራቱ አብሮት ይጣላል። ኤንፒ-ኤፍ የሚባለውን ተነቃይ የቪዲዮ ካሜራ ባትሪ የሚቀበሉ የኤልኢዲ ፓኔሎች ለዚህ ጥሩ ናቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 7.4 ቮልት፣ 6600 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ባትሪ 7.4 × 6.6፣ ማለትም 49 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። 30 ዋት ፓኔል ላይ ሲካፈል 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይሆናል፤ የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ቀንሳችሁ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ያዙ። በሙሉ ብርሃን አራት ሰዓት ለመቅረጽ ሦስት ባትሪ ለጥቂት ይጎድላል፤ አራት ያስፈልጋል።

ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁልጊዜ አትመኑ። ከኤንፒ-ኤፍ ባትሪዎች 970 የሚባለው ትልቁ መጠን ውስጡ 6 ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) አሉት፤ እያንዳንዱ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛን ላይ 200 ግራም የማይሞላ 970 ካገኛችሁ ሴሎቹ ጎድለዋል ማለት ነው።

ሌላው ጣጣ ቻርጁ ሲወርድ ብርሃኑም ቀስ እያለ የሚደክም መብራት ነው። በዓይን አይታወቅም፤ ኤዲቲንግ ላይ ግን ባትሪው ሙሉ ሳለና ሊያልቅ ሲል የተቀረጹት ሾቶች አይገጥሙም። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩት፤ የካሜራውን ኤክስፖዠር (የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ቆልፋችሁ ባትሪው እስኪያልቅ ቅረጹት፤ ግድግዳው እየጨለመ ከሄደ መብራቱ ይደክማል ማለት ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ሲአርአይ (መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው፣ እስከ 100 የሚደርሰው ቁጥር) 95 መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ሲአርአይ የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቁን ቀይ፣ አር9ን፣ አይቆጥርም። ጠይም ፊት ላይ ቀይ ሲጎድል ቆዳው አመድ የነፉበት ይመስላል። አር9ኙ 90 አካባቢ የሆነውን ፈልጉ። መብራቱንም ካሜራውንም 5600 ኬልቪን (የቀን ብርሃን ቀለም) ላይ አድርጋችሁ (አውቶ ላይ አይደለም) አንድን ፊት በቀትር ፀሐይና በመብራቱ ቀርጻችሁ አስተያዩ።

ብልጭ ድርግም ማለቱን ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ብርሃኑን ወደ 10 በመቶ ቀንሱና የካሜራውን ሹተር (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አድርጋችሁ ተመልከቱ። በሙሉ ብርሃን ንጹሕ ሆኖ ሲቀነስ አግድም ጥቁር መስመር የሚያወጣ ብዙ ነው፤ አትግዙት።

ትንሽ ፓኔል ብቻውን ሻካራ ጥላ ይጥላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነጭ አቡጀዲ በእንጨት ወጥራችሁ ብርሃኑ ጨርቁን እስኪሞላ ፓኔሉን ወደኋላ አርቁ። ጨርቁ ከብርሃኑ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። ስለዚህ 10 ዋት የሆነች ትንሽ የኪስ መብራት ለመኪና ውስጥና ለጀርባ ብርሃን ትሁን፤ ከአቡጀዲ ጀርባ ቢያንስ 30 ዋቱ ይቁም። ያልነጣ አቡጀዲ ብርሃኑን ወደ ቢጫ ስለሚወስደው ኋይት ባላንሱ (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የሚያደርገው ማስተካከያ) ጨርቁ ከተወጠረ በኋላ ይስተካከል።