አልኮሉን ያቀጠንኩት በሦስተኛው ሙከራ ነው

ባለፈው ዓመት የኮሮላዬን ኮፈን ፖሊሽ አድርጌ፣ መስታወት አስመስዬ፣ ሴራሚክ ኮቲንግ ቀባሁት፤ ቀለሙን የሚጠብቅ፣ ውሃን የሚያንከባልል ስስ ሽፋን ነው። ሰፈሩ አደነቀ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ። ሐምሌ ገብቶ የባሕር ዳር ዝናብ ሲወርድበት ግን ጉዱ ወጣ። ውሃው በአንድ በኩል እንደ ዶቃ ይንከባለላል። በሌላው በኩል ለጥ ብሎ ይተኛል። እጄ ክብ እየሠራ የሄደበት መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል።

መጀመሪያ ኮቲንጉን ሰደብኩት። ቆይቶ ሲገባኝ ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከፖሊሹ በኋላ ቀለሙን በአልኮል አልጠረግኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖሊሽ ውስጥ ዘይት አለ። ማሽኑ እንዲንሸራተት፣ ፖሊሹም ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል። ሥራው ሲያልቅ ግን አብሮ አይሄድም። ስስ ሆኖ ቀለሙ ላይ ይቀራል፤ ጭረቶቹን ይሞላና የሌሉ ያስመስላቸዋል። ኮቲንግ ደግሞ ከቬርኒሹ፣ ቀለሙ ላይ ከሚደረገው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ጋር፣ ፊት ለፊት መገናኘት ይፈልጋል። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንጀራው እንዳይጣበቅ አይደል? እኔ ምጣዱን አስሼ ሳበቃ እንጀራው ለምን አልተጣበቀም ብዬ ነበር የተቆጣሁት።

ሁለተኛው ሙከራ ዘንድሮ መጋቢት ላይ ነበር። አልኮል ፍለጋ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ነበረኝና በእሱ ጀመርኩ። አትሞክሩት። እጅ እንዳይደርቅ ብለው ግሊሰሪን ይጨምሩበታል። አልኮሉ ይተናል፣ ግሊሰሪኑ ይቀራል። ዘይት አነሳለሁ ብዬ ሌላ ቅባት ቀባሁበት። በጣቴ ብነካው ያዳልጣል።

ግቢ የምንጋራቸው እማማ ይህን ሁሉ ከደጃቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ «አንተ ልጅ፣ አልኮል ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። አረቄ ያወጣሉ። «ዳግሙን ልስጥህ። ለመኪናዋ ከሆነ በነፃ ነው፤ ለራስህ ከሆነ ግን ትከፍላለህ።» ሳቅን። ቅናሹን ግን አልተቀበልኩም፤ ጥንካሬውም ሆነ ውስጡ ያለው ነገር በውል የማይታወቅ ፈሳሽ ቀለም ላይ አላወጣም።

ያገኘሁት በመጨረሻ ባልጠበቅኩት ቦታ ነው፤ ሞባይል ጠጋኝ ጋ። ቦርድ የሚያጥቡበት አይሶፕሮፒል አልኮል አላቸው፣ 99 በመቶ። ልጁ ከየት እንደሚገዛ አሳየኝና አንድ ሊትር ይዤ ተመለስኩ። ደስ አለኝ። ጠንካራ ሲሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ምንም ሳልቀላቅል ጨርቁን ነክሬ ከፊት ፓራፋንጎው ጀመርኩ።

ፓራፋንጎው ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር የተቀባው። ባጃጅ ልጦኝ ባቲላሜራ ቤት አድሮ የመጣ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጠረግኩና ጨርቁን ገልብጬ ሳየው ሰማያዊ ሆኗል። ቆሻሻ መሰለኝ። ደገምኩት። የባሰ ሰማያዊ ሆነ። መኪናዬ ሰማያዊ ናት። ቀለሙን ራሱን ነበር የማጥበው! ላዩ ላይ ቬርኒሽ እንኳ አልተደረገለትም ማለት ነው። መዳፍ የሚያክል ቦታ ደብዝዞ ቀረ።

አዲስ ቀለም ላዩ ደርቆም ውስጡ ገና ነው። በውስጡ የቀረው ቲነር ቀስ እያለ ይወጣል። ኮቲንግ ከመቀባት በፊት እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን ጠብቁ የሚባለው ለዚህ ነው። ጠንካራ አልኮል እንዲህ ያለውን ቀለም ያለሰልሰዋል። የፋብሪካ ቀለምም ቢሆን ያልተቀላቀለ አልኮል ሲበዛበት ሊያብጥና ሊደበዝዝ ይችላል። ደግሞ 99 በመቶው በባሕር ዳር መጋቢት ፀሐይ ጨርቁ ሳይዞር ይተናል። ዘይቱን ለማሟሟት ጊዜ አያገኝም፤ ጨርቁ ደረቅ ቀለም ላይ ይፋተጋል። ጭረት አጠፋሁ ብላችሁ ጭረት ትጨምራላችሁ።

በሦስተኛው ሙከራ አደብ ገዛሁ። ሚያዝያ ላይ ነው፣ ቅዳሜ።

ልኬቱን ልንገራችሁ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ያዝኩ። ከፋርማሲ የገዛሁት 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አለኝ። በእሱ ሰባት ጊዜ ተኩል ቀዳሁ፤ 150 ሚሊ ሊትር አልኮል ማለት ነው። ቀሪውን 850 ውሃ ሞላሁ። ይህ 15 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብዙ ሠሪዎች ከ10 እስከ 25 በመቶ ባለው መሀል ነው የሚሠሩት። እጃችሁ ላይ ያለው 70 በመቶ ከሆነ ደግሞ ለሊትር 215 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ውሃውን የቧንቧ አላደረግኩም። ሲደርቅ ነጭ ነጥብ እንዳይተው ዲስቲልድ ገዛሁ፤ ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። እዚህ ላይ ግን አደራ፤ «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ስትጠይቁ አሲድ የሚያቀብላችሁ አለ። ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ። ከሐይቁ የሚመጣው አየር ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ላሜራው ስትነኩት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያው ኮፈን እጅ አያስነካም። እማማ ቡና ሊያፈሉ ከሰል ሲያያይዙ አየሁና ምድጃውን ወደ ጓሮ እንዲወስዱልኝ ለመንኳቸው። ያልተበረዘው አልኮል ጠርሙስ አጠገቤ ነው። እሱ ከ12 ዲግሪ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ የእኛ ከተማ ቀን ደግሞ ሁሌም ከዚያ ይሞቃል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እሳቸው ግን እያጉረመረሙ ነው የወሰዱት።

መኪናዋን ከዋዜማው አጥቤ፣ ኮፈኑን ፖሊሽ አድርጌ ጨርሻለሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ በጎን አየሁት። ንጹሕ ነው፣ አንድ ጭረት የለም። ከዚያ ቅልቅሉን ጨርቁ ላይ ረጨሁ። ቀለሙ ላይ አይደለም፤ ስትረጩት በየቦታው ነጠብጣብ ሆኖ ይደርቃል። የኮፈኑን ሩብ ያህል በቀጥታ መስመር ጠረግኩ። ሁለተኛው፣ ደረቁ ጨርቅ ወዲያው ተከተለ። መብራቱን መለስኩ።

ጭረቶቹ ተመለሱ። ሁሉም አይደሉም። ግን የሸረሪት ድር የመሰሉት፣ በላቫጆ ስፖንጅ የመጡት ክብ ክብ ጭረቶች ከመሪው በኩል በጎን ፈገግ ብለው አዩኝ። ከዋዜማው ጀምሮ ዘይቱ ሸፍኗቸው ነበር። አልኮል የሚለው ቃል መነሻው «አል ኩህል» የሚለው ዓረብኛ ነው ይባላል፤ የእኛው የዓይን ኩል ዘመድ ማለት ነው። ኩል ያሳምራል። ይሄኛው ዘመዱ ግን ገመና ነው የሚያወጣው።

ስለዚህ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ያቺን ሩብ ሁለት ጊዜ ደግሜ ፖሊሽ አደረግኩ፣ እንደገና ጠረግኩ፣ እንደገና በመብራት አየሁ። በሦስተኛው ከአልኮሉ በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት ሆነ። ያን ጊዜ ነው ወደሚቀጥለው ሩብ የሄድኩት። ኮፈኑ ብቻ እስከ ረፋድ ፈጀብኝ፤ ፀሐዩ ሲበረታ በሸራ ጥላ ሠርቼ ቀጠልኩ።

ጨርቁ ላይ ቆጣቢ አትሁኑ። እኔ ማይክሮፋይበሩን ሁለቴ አጥፌ ስምንት ገጽ አገኛለሁ፤ አንድ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ። ያነሳው ዘይት መልሶ ይቀባላ! ጨርቁን ስታጥቡ ማለስለሻ አታድርጉበት፤ እሱም ይቀራል። ከጠረጋችሁ በኋላ ደግሞ በጣት መንካት የለም። እኔ ረስቼ ተደገፍኩና መዳፌ ሙሉውን ታተመ።

አንድ ነገር ግን አልኮሉ አይችልም። የድሮ ሰም በእንዲህ ያለ ቀጭን ቅልቅል አስተማማኝ ሆኖ አይነሳም። ጣሪያው ላይ ከዚህ በፊት የቀባሁት ሰም ነበር። ጠርጌ ውሃ ባፈስበት አሁንም ዶቃ ይሠራል። ንጹሕ ቀለም ላይ ውሃ ይነጠፋል እንጂ አይንከባለልም። ጣሪያውን ለሌላ ቀን ተውኩት፤ እሱ በፖሊሽ ነው የሚነሳው።

ኮቲንጉን ከቀባሁ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አላስነካሁትም። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ስወጣ ከላይ ያለው ዋርካ ላይ ያደሩት ወፎች ኮፈኑ መሀል ላይ ፊርማቸውን አኑረዋል። የሐይቅ ዳር ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ካገኘው ቬርኒሹን ይበላል። አንድ ሃይላንድ ውሃ አፈሰስኩበት። ሳልነካው ተንሸራትቶ ሄደ፣ ውሃውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዶቃ ሆነ።

ፓራፋንጎው ግን እንደደበዘዘ አለ። የ90 ቀኑ ቆጠራ ግንቦት መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ዝናቡ እንዳይቀድመኝ እየፈራሁ ነው። እማማ በየጠዋቱ ቡና ይዘው ይወጡና ያቺኑ ቦታ ያያሉ። «ጉንጯስ? አረቄዬን ብትቀበለኝ ኖሮ!» ይሉኛል።