ደንገጎ ላይ የተማርኩት፦ በፊት ጎማ ወይስ በኋላ ጎማ?

ሰባት ዓመት ዲኤክስ ነዳሁ። በኋላ ጎማ የምትገፋ ኮሮላ ናት። ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አብዛኛው ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ዞሯል። ለሥራ ከድሬ ሐረር ስለምመላለስ መሀል ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ደንገጎን፣ እንደ ሰፈሬ አውቀዋለሁ።

ዲኤክስ ዳገት ላይ ደስ ትላለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐሮማያ ስትደርስ 2,000 ሞላህ ማለት ነው። ሽቅብ ስትወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። የሚገፋውም የኋላ ጎማ ስለሆነ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥማ ይበልጥ ይይዛል። የፊት ጎማዎቹ ሥራ መታጠፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ማንዋል ቪትዝ ጨመርኩ። ቀልጣፋ ናት፣ ነዳጅም ትቆጥባለች። ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች መጎተትም መታጠፍም አለባቸው። ሽቅብ ኩርባ ላይ ነዳጅ ስረግጥ የውስጠኛው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፤ አፍንጫዋም ወደ ውጭ ትሸሻለች። ቶሎ ለመድኩት፦ ከኩርባው በፊት መቀነስ፣ መሪው ሲቃና መርገጥ።

ያስደነገጠኝ ቁልቁለቱ ነው። የፊት ጎማዎቹ ቶሎ ስላለቁ ሁለት አዲስ ገዝቼ ከፊት አስገጠምኩ። የኋላዎቹም ጥርሳቸው ሳስቶ ነበር፤ ተውኳቸው። ክረምት ነበር፤ ካፊያው አስፋልቱን ገና ማርጠቡ ነው። ደንገጎን ስወርድ አንድ አይሱዙ መስመሬን ይዞ ከኩርባው ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። የፊቱ ነከሰ፤ የኋላው ግን ከጎኔ ወጥቶ ሊቀድመኝ መጣ። ገደሉ በጎን መስኮት ታየኝ። ፍሬኑን ለቅቄ መሪውን ኋላዋ ወደሄደበት አቅጣጫ መለስኩት። ተቃናች። ዳር ይዤ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ጎሚስታዬ ጎማዎቹን አይቶ ተቆጣኝ።

«አቦ፣ ጥሩውን ጎማ ሁሌ ከኋላ አርገው! የፊቱ ሲንሸራተት መሪህ ላይ ይታወቅሃል። የኋላው ግን ሳይነግርህ ነው የሚሄደው።»

እውነቱን ነው። በፊት ጎማ የሚሄድ መኪና ባዶውንም ቢሆን ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማው ፊት ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲጨመርበት ኋላው ይቀልላል። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ ያለቀ ጎማ ትቼ ነበር። ጎማዎቹን የማሰልፈው የሚጎትቱት እነማን ናቸው ብዬ ነበር፤ ማሰብ የነበረብኝ የሚለቁት እነማን ናቸው ብዬ ነው።

የዚያኑ ቀን አዲሶቹን ወደ ኋላ አዛወርናቸው። አሁን ብቻዬን ስሆን ቪትዟን እይዛለሁ። ቤተሰብ ጭኜ ሐረር ስወጣ ግን የማነሳው የዲኤክሷን ቁልፍ ነው።