ከባሕር ዳር ላሊበላ በአውሮፕላን፦ 185 ኪሎ ሜትሩ እንዴት 660 ሆነ

ከጎጃም ተነስታችሁ ለገና ላሊበላ ለመድረስ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከባሕር ዳር በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርጎ የሚወስደውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪና ላይ ተቀምጣ አትዘልቀውም። ስለዚህ በአውሮፕላን እንሂድ አልን። ስልካችሁ ላይ የሁለቱን ኤርፖርቶች ርቀት ብትፈልጉ በቀጥታ መስመር 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚፈጅ አይመስልም። ያ የአሞራ መንገድ ነው። ለእኛ የተገኘው በረራ በአዲስ አበባ በኩል ነበር፦ ከባሕር ዳር ቦሌ 330 ገደማ፣ ከቦሌ ላሊበላ ደግሞ ሌላ 330 ገደማ። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቀኑን የሚበላው ግን በመካከል ያለው ቆይታ ነው።

ከፍኖተ ሰላም በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ገብተን አደርን። ፍተሻው፣ መታወቂያው፣ መሳፈሩ ያለ ችግር አለፈ።

የተበላሸው ቦሌ ላይ ነው። ትኬቱን የሸጠልን ወኪል ሁለቱን በረራዎች ለየብቻ ቆርጦ ነበር የሰጠን። በአንድ ትኬት መሆናቸውን ስጠይቀው «አይስጉ ጋሼ፣ ያው ነው፤ ሰዓቱም ይበቃል» አለኝ። ያው አይደለም! የመጀመሪያው በረራ ዘገየ። ሻንጣችንም በቀጥታ ወደ ላሊበላ ስላልተላከ ወርደን መጠበቅ፣ ተቀብለን መውጣት፣ እንደገና ተፈትሸን መግባት ነበረብን። ዊልቸር አስቀድሞ ስላልተያዘላት እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መስኮቱ ጋ ስንደርስ መዝገቡ ተዘግቷል። ሠራተኛዋን ለመንኳት፤ «ትኬታችሁ የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው መዘግየት ይኼኛውን አይመለከተውም» አለችኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። አውሮፕላኑ ገና አልተነሣም ነበር። አንዲት አሮጊት ቆማ እያየች እንዲህ ያለ መልስ መስጠት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በገና ሰሞን ሌላ ወንበር በቀላሉ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ፤ ለአዲስ ትኬት እንደገና ከፍለን አዲስ አበባ አደርን።

ላሊበላ የደረስነው በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኤርፖርቱ ከከተማው ርቆ ቆላው ላይ ስላለ፣ ከዚያም ዳገቱን በመኪና መውጣት አለ። በቤተ ማርያም ካህናቱ «ማሜ ጋራ» ከሚባለው የዐለት አፋፍ ላይና ከታች ሆነው፣ በመላእክትና በእረኞች አምሳል «ቤዛ ኩሉ»ን የሚያዜሙበት ሰዓት አልፎ ነበር። እናቴ «ተመስገን፣ ደጁን ረገጥሁ» አለች። እኔ ግን የጓጓችለት ዜማ እንዳመለጣት አውቃለሁ።

ስለዚህ ወኪሉን «ሁለቱም በረራ በአንድ የትኬት ቁጥር ይሁን፣ ሻንጣው እስከ ላሊበላ ይጻፍ» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ቢሮ ሂዱ፤ ውድ ቢሆንም ክፈሉ። ዊልቸር ትኬት ስትቆርጡ አስይዙ። «ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ» የሚባለው ለባሕር ዳር ነዋሪ ይሠራል፤ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከደብረ ማርቆስ ለሚመጣ ግን ዋዜማውን ባሕር ዳር ማደር ነው። ለገና ከሆነ በዓሉ ሊገባ ቢያንስ ሁለት ቀን ሲቀረው ላሊበላ ግቡ። ጉልበታችሁ ጤነኛ ከሆነና መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ፣ በጋሸና በኩል በመኪና ሂዱ።