«ወደ ላይ» ወዴት ነው? ለተርሚናል ማንበቢያ የራስጌ መስመር ስሠራ

ቢሯችን አራት ኪሎ ነው። ሥራችን ሰርቨር መጠበቅ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነ ቴክኒሻን አንድ ነገር ሲበላሽበት የሚከፍተው ማኑዋል አለን። ማኑዋሉን በአማርኛ ጽፈነዋል። የሚነበበው ግን በብሮውዘር አይደለም፣ እዚያው ተርሚናሉ ውስጥ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ብቻ ትእዛዝ በምንሰጥበት መስኮት ውስጥ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ማንበቢያ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አብዛኛው ክፍል በሁለት ሳምንት አለቀ። ሁለት ወር የወሰደችብኝ ከገጹ አናት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ ራስጌዋ። አንባቢው የት እንዳለና ከዚያ ወዴት መሄድ እንደሚችል የምትነግረው እሷ ናት።

መነሻዬ በተርሚናል የሚነበቡት ሁለቱ የታወቁ የማኑዋል ዓይነቶች ነበሩ፤ የዩኒክስ ማኑዋልና ግኑ ኢንፎ። ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማኑዋል ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ዛሬ አንድ ማን ፔጅ፣ ማለትም የዚህን ማኑዋል አንድ ገጽ፣ ስትከፍቱ የትእዛዙ ስም ከነክፍል ቁጥሩ በግራም በቀኝም ጫፍ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል፣ ወዴት እንደምትሄዱ ግን አይነግራችሁም። ግኑ ኢንፎ ሁለቱንም ያደርጋል። የፋይሉ ስም፣ ያላችሁበት ክፍል፣ ቀጣዩ፣ ቀዳሚውና አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ክፍል በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ኤን ስትጫኑ ወደ ቀጣዩ፣ ፒ ወደ ቀዳሚው፣ ዩ ወደ ላይ ይወስዳችኋል። በጣም ወደድኩት። ቃላቱን ወደ አማርኛ መለስኩና «ቀጣይ፣ ቀዳሚ፣ ላይ» ብዬ አስቀመጥኩ። ያለቀልኝ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሞከሩልኝ ከሁላችንም በላይ ልምድ ያላቸው ቴክኒሻናችን ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ረጅም ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡና ዩን ተጫኑ። ገጹ ጠፍቶ ሌላ ዝርዝር መጣ።

«ልጄ፣ ወደ ላይ ነው እኮ ያልኩት፤ የት ነው የወሰደኝ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ላይ ማለት እኮ ይሄ ገጽ ያለበት ምዕራፍ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምዕራፍ አትለውም?»

እውነታቸውን ነው። ለፕሮግራመር ሰነድ ማለት ሥሩ ወደ ላይ የተሰቀለ ዛፍ ነው፤ «ላይ» ሲባል ዛፉ ይታየዋል። ሌላ ሰው ግን አንድ ጽሑፍ እያነበበ «ላይ» ካላችሁት የሚያስበው የገጹን አናት ነው። ቃሉን አወጣሁትና በቦታው የምዕራፉን ስም አስገባሁ።

«ቀዳሚ» የሚለውም እንዲሁ አስቸገረን። ከገጽ 7 ሊንክ ተከትሎ ገጽ 31 ላይ የደረሰ ሰው «ቀዳሚ» ሲጫን ገጽ 30 ይመጣበታል። እሱ የፈለገው ግን 7ን ነው። ኢንፎ ለዚህ ሌላ ቁልፍ አለው፤ ኤልን ስትጫኑ ወደ መጣችሁበት ይመልሳችኋል። ግን ራስጌው ላይ አይጻፍም። እኔ አዛወርኩት። ቀዳሚ ከራስጌ ወጣ፣ ወደ መጡበት መመለሻው ገባ። ስሙን መጀመሪያ «ተመለስ» ብዬው ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አየችውና «ይሄ ለወንዶች ብቻ ነው?» አለችኝ። «መመለሻ» ሆነ። ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ እንደዚሁ ለወጥኩ፤ ፈልግ የነበረው ፍለጋ፣ ውጣ የነበረው መውጫ ሆነ። አሁን ሳየው ከመጀመሪያው እንዲህ መሆን የነበረበት ነገር ነው።

ቀጥሎ የፊደሉ ጉዳይ መጣ። ተርሚናል ከድሮ ጀምሮ 80 አምድ (የአንድ ፊደል ቦታ) በ24 መስመር ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል ያጸናው ልክ ነው። የእኔ ኮድ ራስጌውን 80 ላይ ይቆርጠው ነበር። የቆጠረው ግን ፊደል ሳይሆን ባይት ነበር። ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት መለኪያ ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ክፍት ቦታ ከሌለ 80 ባይት ውስጥ የሚገባው 26 ፊደል ነው፣ ሁለት ባይት ይተርፋል። የተረፈችው የተቆረጠች ፊደል በጥያቄ ምልክት ትታያለች። ይህን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ፊደል ቁጠሩ፣ ባይት አትቁጠሩ። የፊደሉ ስፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ተርሚናሉ ለ«ር»ም ለ«ጧ»ም እኩል አንድ አምድ ነው የሚሰጠው። ፎንቱ ለዚህ ካልተሠራ ሰፋፊዎቹ ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ነገሮችን በአምድ አሰልፎ ወደ ቀኝ ማስጠጋቱን ተውኩት።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን አርእስት የምቆርጥበት መንገድ ነው። ሦስት ገጾች ነበሩን፦ «የደንበኞች ዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ»፣ «የደንበኞች ዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ»፣ «የደንበኞች ዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ ማጥፋት»። ለአንድ አርእስት የመደብኩት 20 ፊደል ነው። የተረፈውን እንደ ሁሉም ፕሮግራም ከመጨረሻው እቆርጣለሁ። ውጤቱ ሦስት ጊዜ «የደንበኞች ዳታቤዝ መጠባበቂያ…» ሆነ። አንድ ሌሊት ተረኛዋ ቅጂ ልትመልስ ፈልጋ የማጥፊያውን ገጽ ከፈተች። ትእዛዙን ከመምታቷ በፊት ማስጠንቀቂያውን አነበበችና ቆመች። ጠዋት ስትነግረኝ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። ማስጠንቀቂያው ባይኖርስ?

እንግሊዝኛ አርእስት ሲጻፍ ማድረጊያው ቃል ፊት ይመጣል፤ ጭራውን ብትቆርጡት ዋናው ይተርፋል። አማርኛ ዋናውን ነገር የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። የ«የ» ሰንሰለት ይቀድማል፣ ግሡ ይዘጋል። ስለዚህ አርእስታችንን ከፊት ነው መቁረጥ ያለብን። «…መጠባበቂያ ቅጂ ማጥፋት» ከነነጥቡና ከነክፍት ቦታው 15 ፊደል ነው፤ ግልጽ ነው፣ ማንንም አያሳስትም። ለውጡ የአንድ መስመር ኮድ ነበር። በአማርኛ ማውጫ ለምትሠሩ ሁሉ የምለምናችሁ ይህንን ነው፤ ሜኑም ይሁን ታብ ወይም የስልክ ኖቲፊኬሽን፣ ጭራውን አትቁረጡ።

«ቀጣይ» የሚለውን ቃልም በኋላ አወጣሁት። ማታ አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ነው የመጣልኝ። ረዳቱ «ቀጣይ ታክሲ» ብሎ አይጣራም። «መገናኛ፣ መገናኛ» ነው የሚለው። ሰው የሚገባው መድረሻውን ሰምቶ ነው። በጠበበ መስመር ላይ «ቀጣይ» የሚል ቃል ጽፌ ስሙን ከምቆርጥ፣ ቀስት አድርጌ ስሙን በደንብ ባሳይ ይሻላል።

ቁልፎቹም ሥራ ነበራቸው። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ ኤን ሲጫኑ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው «ን» ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ «ን»ን አያውቀውም። ሰው ደጋግሞ ይጫናል፣ ምንም አይሆንም፣ ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። አሁን ሁለቱንም ይቀበላል፤ የቀስት ቁልፎቹም ይሠራሉ።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። በብራና መጻሕፍት መክፈቻው ቃል በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። አርእስቱን ቀይ ላደርገው በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ለሌሊት ተረኛ ተርሚናል ላይ ቀይ ማለት ስህተት ማለት ነው። ጋሼ ገና ሲያዩት «ምን ተበላሸ?» አሉ። ስለዚህ አርእስቱን አደመቅኩት እንጂ ቀለም አልሰጠሁትም።

ዛሬ ራስጌያችን ይህን ይመስላል፦

መጠባበቂያ › …መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ → …መጠባበቂያ ቅጂ ማጥፋት

መመለሻውና የቁልፎቹ ስም ወደ ግርጌው መስመር ወርደዋል። ስክሪኑ ሲጠብ፣ ለምሳሌ ከስልክ ሲገቡ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው የምዕራፉ ስም ነው፣ ከዚያ የቀስቱ መድረሻ። ያሉበት ገጽ ስም አይነካም። ጋሼ ባለፈው ሳምንት ከቤታቸው በስልክ ገብተው ሞከሩት። ቀስቱ ሲጠፋ ቀጥሎ ያለውን ማየት አልቻልኩም ብለውኛል። እሱን እየሠራሁ ነው።