ቅኝትን ከመድረክ ፊት ቆሞ መለየት፦ እስካሁን የተደረሰበት

ኮንሰርት የማያመልጠው ሰው ዘፈኑን ገና መግቢያው ሲመታ ያውቀዋል። ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የተሠራበትን የአምስት ድምፆች አደራደር፣ ሲጠይቁት ግን አብዛኛው «ትዝታ መሰለኝ» ብሎ ያልፋል። ቤት ውስጥ ቅጂ እየደጋገሙ መለየት ብዙም አያስቸግርም። ጭንቁ ሕዝቡ እየጮኸ፣ ድራሙ ደረት እየመታ በአንድ ጊዜ መስማት ላይ ነው። ይህ ማስታወሻ የተጻፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ድምፆቹ በቃል መያዝ አለባቸው። ሁሉንም ከዶ ብንነሳ፣ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ትዝታ ማይነር ዶ ሬ ሚ ፍላት ሶል ላ ፍላት ነው («ፍላት» ቀድሞት የተጻፈው ድምፅ በግማሽ እርከን መውረዱን ያሳያል)። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ሲሆን፣ ማይነሩ ዶ ሚ ፍላት ፋ ሶል ሲ ፍላት ይሆናል። አምባሰል ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ላ ፍላት፤ አንቺሆዬ ደግሞ ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ፍላት ላ።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ከዶ የተነሳውን አምባሰል ወስዳችሁ ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሩት፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ ከፋ የተነሳ ትዝታ ማይነር ነው። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፣ የተለወጠው ማረፊያው፣ ማለትም ዜማው ተመልሶ የሚያርፍባት ድምፅ፣ ብቻ። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ናቸው፤ ከዶ የተነሳው ትዝታ ሜጀር ከላ ሲቆጠር ባቲ ማይነር ይሆናል። ስለዚህ «የትኞቹ ድምፆች ተሰሙ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያደርስም። መጠየቅ ያለበት ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ የት እንዳረፈ ነው። ያችን ድምፅ አፍ ዘግቶ እያንጎራጎሩ መያዝና ሌሎቹን ከእሷ አንጻር መለካት ነው። አንቺሆዬ በዚህ ረገድ ይቀላል፤ ሶል ስለሌለችውና በቦታዋ ሶል ፍላት ስላለች ማረፊያው ላይ እንኳ ተረጋጋ አይባልም።

ማረፊያውን በግልጽ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ቤዝ ጊታሩ ነው፤ አዝማቹ ሲያልቅ ወደዚያች ድምፅ ይመለሳል። በኢትዮ ጃዝ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የሙላቱ አስታጥቄ መንገድ አምስት ድምፅ ባለው ዜማ ሥር ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች የተወሰደ ሃርመኒ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ማስገባት ነው፤ ኪቦርዱን የተከተለ ሰው ይሳሳታል፣ ዜማውን የያዘውን ሳክስፎን ወይም ቫይብራፎን መከተል ይሻላል።

ቤዙን ለመስማት ደግሞ የቆሙበት ቦታ ወሳኝ ነው። ብዙ አድናቂ መድረኩን ተደግፎ ካልቆመ ኮንሰርት የገባ አይመስለው። እዚያ ግን ትልልቆቹ ስፒከሮች ድምፁን ከራስ በላይ አሳልፈው ወደ ኋላ ይልኩታል፤ የሚሰማው ድራሙ፣ የጊታሩ አምፕሊፋየርና ለሙዚቀኞቹ የተቀመጠው ሞኒተር ነው፣ የዘፋኙ ድምፅ ይሳሳል። ከግድግዳ ሥር ከሆነ ደግሞ ቤዙ ይከማቻል፤ ጉምጉምታ እንጂ ድምፅ አይለይም። እንደ ሚሊኒየም አዳራሽ ባለ ሰፊ ቦታ የሚመረጠው የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን የዘረጋበት አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ፊት ነው፤ ባለሙያው የሚያስተካክለው በራሱ ጆሮ ስለሆነ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ።

እዚያም ቆሞ ቤዙ ከጠፋ ከቦታው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ60 ኸርዝ ቤዝ የሞገድ ርዝመት ወደ 5.7 ሜትር ይጠጋል። ከግድግዳ የተመለሰው ሞገድ ከመጀመሪያው ጋር ሲጋጭ የሚጠፋበትና የሚጎላበት ቦታ ርቀት የዚያ ሩብ፣ 1.4 ሜትር አካባቢ ነው። «ሳውንዱ አይረባም» ከማለት በፊት ይህን መሞከር ደግ ነው።

ጆሮ ከደከመ ሁሉም ከንቱ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም (NIOSH) በሚመክረው መለኪያ ገደቡ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የስፖንጅ መሰኪያ ርካሽ ነው፣ ግን ቀጫጭን ድምፆችን አብዝቶ ስለሚቆርጥ ግጥሙ ይደበዝዛል። ማጣሪያ ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል የሚቀንሰው ለቅኝት ይሻላል። ስፖንጁን የሚጠቀም በጣቱ አጥብቆ አቅጥኖ፣ በሌላው እጁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ያስገባና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል ይያዘው። ግማሹ ውጭ ከቀረ ቤዙ እንዳለ ይገባል፤ «አይሠራም» የሚባለው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ለልምምድ ከትልቅ ኮንሰርት አዝማሪ ቤት ይበልጣል። ማሲንቆው ባለ አንድ ጭራ ነው፤ ከዘፋኙ ጋር ያንኑ ዜማ ስለሚሄድ ማረፊያው አይደበቅም፣ አዝማቹም ሲደጋገም ለማረጋገጥ ጊዜ ይሰጣል። ከሁለት ሦስት ሜትር አይራቁ። ግጥም መስጠት የሚፈልግ አዝማሪው ስንኙን ጨርሶ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር «ተቀበል!» ብሎ፣ አንድ አንድ ስንኝ እየቆረጠ ይስጥ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከጫነበት ሁለተኛው ይወድቃል። የወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም፣ ለአፍ ይመቻል፦

ስልኬንም ዘጋሁት ጆሮዬን ልከፍተው፤
ጠጋ ብለህ ምታው ልቤ ውስጥ ልክተተው።

ሽልማቱን ግን ስንኙ መሐል ይዞ መነሳት ነውር ባይሆንም ዜማውን ይሰብራል።

ለማጣራት የሚቀዳ ከአንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ይበቃዋል፤ አዝማቹ የሚያልቅበትን ጨምሮ። የስልኩ ማይክ በአብዛኛው ከታች ጠርዝ ላይ ስለሆነ መዳፍ እንዳይሸፍነው። ቤዙ እየተንኮሻኮሸ ከገባ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል፤ በኋላ ድምፁን መቀነስ አያድነውም፣ ከሰብዉፈሩ (ቤዙን ከሚያወጣው ስፒከር) መራቅ ነው። ማስታወሻው ላይ አራት ነገር ይስፈር፦ የዘፈኑ ስም፣ የተገመተው ቅኝት፣ የቆሙበት ቦታ፣ በማግስቱ በክራር ወይም በኪቦርድ ሲፈተሽ የወጣው መልስ። ግምቱ ከመፈተሹ በፊት ካልተጻፈ አይቆጠርም፤ መልሱን ካየ በኋላ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» የማይል የለም።